የሊናክ ክፍል ሲነደፍ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ሊኒየር አክስለሬተር፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሊናክ፣ የሚቀመጥበት ክፍል የግድግዳ ስሌት ግማሽ ገጽ አይሞላም። ስህተቱ ያለው ቀመሩ ውስጥ በሚገቡት ቁጥሮች ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ነው።

ውፍረት ጽፎ እፍግታን መርሳት

ባለ 6 ሜጋቮልት (የጨረሩ ኃይል መለኪያ) ማሽን በሳምንት 500 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ይሠራል እንበል። ከሥራው ሩቡ ወደ አንድ ግድግዳ ያነጣጥራል፤ ከግድግዳው ጀርባ፣ ከጨረሩ መነሻ 6 ሜትር ላይ፣ ሰው ሙሉ ቀን የሚቀመጥበት ቢሮ አለ። ለሕዝብ የሚፈቀደው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት (ሰው ላይ የሚደርስ ጨረር መለኪያ)፣ በሳምንት 0.02 ያህል ስለሆነ ግድግዳው ከ174,000 እጅ አንዱን ብቻ ማሳለፍ አለበት። የመጀመሪያው 37 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ጨረሩን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ አሥረኛ 33 ይበቃል። ድምሩ 177 ሳንቲሜትር ነው።

ይህ ግን በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 2.35 ግራም ለሚመዝን ኮንክሪት ነው። 2.2 የሚመዝን ከተሞላ ያው ግድግዳ እንደ 166 ሳንቲሜትር ይቆጠራል፤ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው የሚደርሰው መጠንም ከእጥፍ ያልፋል። ሥዕሉ ላይ «ሲ-30» ብሎ መጻፍ ጥንካሬን እንጂ ክብደትን አይናገርም። ለጥንካሬ ፍተሻ የሚወሰደውን ባለ 15 ሳንቲሜትር ኪዩብ ከመሰበሩ በፊት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፦ 7.9 ኪሎ ግራም መድረስ አለበት። 7.4 ካለ ሙሌቱ ይቁም። ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የነካው ጠጠር እዚህ ሳይት መድረስ የለበትም።

የጎረቤት ክፍልን ዕጣ ፈንታ ማመን

ዕቃ ቤት ከሆነ ሰው የሚገኝበት ጊዜ አንድ ሃያኛ ተብሎ ይሰላል፤ 43 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዕቃ ቤቱ ቢሮ ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ ባዶ ሆኖ የሚቆይ ክፍል የለም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሙሉ ቀን ብሎ ማስላት ይሻላል።

አይኤምአርቲን ሁሉም ግድግዳ ላይ ማባዛት

አይኤምአርቲ የጨረሩን ጥንካሬ ከቦታ ቦታ እየለዋወጡ የማከም ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ማሽኑ ለተመሳሳይ መጠን ብዙ እጥፍ ረዝሞ ስለሚሠራ ከጭንቅላቱ የሚያፈተልከው ጨረር ይጨምራል። ማባዣው፣ ለምሳሌ 5፣ የሚገባው ለዚህ አፈትላኪ ጨረር ብቻ ነው። ጨረሩ በቀጥታ የሚያነጣጥርበት ዋናው ግድግዳ ላይ ካባዙት 23 ሳንቲሜትር ያለ ጥቅም ይጨምራሉ፤ ጭራሽ ከረሱት ደግሞ የጎን ግድግዳው ይሳሳል።

የዋናውን ግድግዳ ስፋት በፊልዱ ጎን መለካት

ፊልዱ፣ ማለትም ጨረሩ የሚሸፍነው ስፍራ፣ ከመነሻው 1 ሜትር ላይ 40 በ40 ሳንቲሜትር ነው፤ የጨረሩን ቅርጽ የሚወስነው ኮሊሜተር ሲዞር ግን ሰያፉ 57 ይሆናል። ከመነሻው 5 ሜትር ላይ በሁለቱም በኩል 30 ሳንቲሜትር ሲታከል 3.4 ሜትር ያስፈልጋል፤ በጎኑ የለካ ሰው 2.6 ብሎ ያቆማል።

የእርሳስ በር ብቻ

ከ10 ሜጋቮልት በላይ ኒውትሮን ይመጣል፤ እርሳስ ደግሞ ኒውትሮንን እምብዛም አያስቆምም። የሚያዘገየው ሃይድሮጅን ስለሆነ በሩ ቦሮን የተቀላቀለበት ፖሊኢትሊን ይፈልጋል። ቦሮኑ ኒውትሮኑን ሲውጥ ጋማ ይወጣል፤ ስለዚህ ከፖሊኢትሊኑ ውጭ እርሳስ ይደረጋል። ቦታ ጠቦ ዋናው ግድግዳ ውስጥ እርሳስ ከገባም በስተውጭ በኩል በቂ ኮንክሪት ይኑር፤ እርሳሱ ራሱ በከፍተኛ ኃይል ሲመታ ኒውትሮን ያፈልቃልና።

ቀዳዳ

የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ ከበሩ በላይ፣ በጠመዝማዛው መግቢያ በኩል ይውጣ። የመለኪያ ኬብሉ ቱቦ በጎን ግድግዳ በሰያፍ ይለፍ። ካሳፎርማውን የያዘው ብረት ተስቦ ከወጣ ቀዳዳው በኮንክሪት እንጂ በልስን አይደፈንም።

በጋይገር ቆጣሪ ማረጋገጥ

ሊናኩ ጨረር የሚለቀው በጥቂት ማይክሮሰከንድ ብልጭታ ነው። ጋይገር በአንድ ብልጭታ ውስጥ ሺህ ቢያልፍበትም አንድ ብቻ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አሳንሶ ያነባል። በአዮን ቻምበር ይለኩ፤ ከ10 ሜጋቮልት በላይ የኒውትሮን መለኪያም ይጨመር። ለዋናው ግድግዳ ፊልዱ ሙሉ ይከፈት፣ ኮሊሜተሩ 45 ዲግሪ ይዙር፣ ጨረሩ መንገድ ላይ ምንም አይኑር። ለጎን ግድግዳዎች ግን ፋንቶም (በታካሚው ፋንታ ጨረሩን የሚበትን ቁስ) አልጋው ላይ ይቀመጥ።