በጣና ዙሪያ የስንዴ ዋግን በጊዜ መለየትና መከላከል የሚቻለው እንዴት ነው?

ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ በስንዴ ማሳ ላይ በአንድ ሌሊት የወረደ የሚመስለው ብዙ ሰው ዘግይቶ ስለሚያየው ነው። የፈንገሱ ብናኝ ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ተደብቆ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቅጠሉን ሰንጥቆ የሚወጣው እያንዳንዱ ቁስል እጅግ ብዙ አዲስ ብናኝ ለነፋስ ይሰጣል። በመሆኑም ማሳው ከመንገድ ሲታይ ቀለሙ ከተለወጠ ዋናው የመከላከያ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሜጫ፣ በፎገራም ሆነ በደንቢያ ስንዴ የሚያለማ ሰው ከርጭቱ ይልቅ በፍተሻው ላይ ቢደክም የተሻለ ነው።

ሥራው ከዘር በፊት ይጀምራል። የዋግ ፈንገሶች በሕይወት ያለ ተክል ላይ እንጂ በደረቀ ገለባ ወይም በዘር ውስጥ አይኖሩም፤ ስለዚህ ካለፈው ምርት ረግፎ በራሱ የበቀለውን ስንዴ አርሶ ማጥፋት ከሁሉም ርካሹ መከላከያ ነው። ቀድሞ የበጋው ድርቀት ይህንን ሥራ በአብዛኛው ያከናውነው ነበር። አሁን ግን እንደ ቆጋ ባሉ የመስኖ ቦታዎች ስንዴ በበጋም ስለሚለማ ፈንገሱ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገርበት መጠለያ አግኝቷል። ለቤት ቀለብም ለገበያም የሚጠቅመውን የበጋ ስንዴ የምደግፍ ብሆንም፣ በአንድ ማሳ ላይ ስንዴን በስንዴ ላይ እያከታተሉ መዝራትን አልመክርም፤ በመካከሉ ሽምብራ ወይም ኑግ ቢገባ ይሻላል።

ዘር ሲመረጥ «ዋግን ይቋቋማል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ከሦስቱ ማለትም ከቢጫ፣ ከቅጠልና ከግንድ ዋግ የትኛውን እንደሚቋቋምና ይህ የተረጋገጠው መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ኩብሳ የተባለው ዝርያ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ክፉኛ ተጠቅቷል። ቢጫውን ስለሚቋቋም ብዙ ገበሬ የያዘው ዲገሉ ደግሞ በ2013 እና 2014 እ.ኤ.አ. በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጥቶበት ማሳዎች ያለ ምርት ቀርተዋል። የዘንድሮውን ምክር ከአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማግኘት ይቻላል።

ፍተሻው ስንዴው የጎን ቡቃያ ማውጣት ሲጀምር ተጀምሮ በየሳምንቱ ይቀጥላል፤ ስንዴው ዛላውን ሊያወጣ ከተቃረበበት ጊዜ አንስቶ ፍሬው ወተት እስኪይዝ ድረስ ግን በሳምንት ሁለቴ መግባት ያስፈልጋል። በማሳው ዳር ብቻ ከመሄድ ይልቅ ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዙ አሥር ያህል ቦታ ላይ ቆሞ የታችኛውን ቅጠል ገልጦ ማየት ይገባል። ፈንገሱ ለመብቀል ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ስለሚፈልግ፣ በቦይ አጠገብ፣ በዝቅተኛ ቦታና የባሕር ዛፍ ጥላ ጤዛውን ሳያስረግፍ በሚያቆይበት ጠርዝ ላይ የበለጠ መመርመር ያዋጣል።

አስቸጋሪው የትኛው ዋግ እንደሆነ መለየት ነው። ቢጫ ዋግ በጎለመሰ ቅጠል ላይ የቅጠሉን ጅማቶች ተከትሎ በመስመር የተደረደረ ደማቅ ቢጫ ዱቄት ያወጣል፤ በቡቃያ ላይ ግን መስመሩ ስለማይታይ ብዙዎችን ያሳስታል። ቅዝቃዜ ስለሚወድ ከጣና ዳርቻ ይልቅ በደጋው ይበረታል፤ ሆኖም ቀዝቃዛ ሌሊት በሚበዛበት ወቅት ወደ ታችም ይወርዳል። የቅጠል ዋግ ክብ፣ ትንንሽና ብርቱካንማ ሲሆን በአብዛኛው በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ከሁሉም የሚያሰጋው የግንድ ዋግ ሙቀት ይመቸዋል፤ ቁስሉ ሞላላ፣ እንደ ሸክላ የቀላና ጠርዙ የተቀደደ ነው፤ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አገዳውን፣ ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበትን ክፍልና ዛላውንም ይይዛል፤ ሰብሉ ሲደርስ ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው የግንድ ዋግን ሊያልፈው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ቅጠሉን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው፦ ዋግ ከሆነ ጨርቁ ላይ ቀለም ያለው ዱቄት ይቀራል፤ በማዳበሪያ እጥረት የመጣ ቢጫነት ግን ምንም አይተውም።

ቢጫ ወይም የግንድ ዋግ ከታየና ዝርያው የማይቋቋም ከሆነ፣ ጥቂት ቁስል ሲታይ ወዲያውኑ መርጨት ይገባል፤ መድኃኒቱ ገና ያልተጎዳውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የሞተውን አያድንም። ፍሬው መጠንከር ከጀመረ በኋላ መርጨት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። መድኃኒቱ ቲልትም ይሁን ሬክስ ዱኦ፣ በመለያው ላይ የተጻፈውን መጠን ለመቆጠብ ብሎ መቀነስ ፈንገሱን መድኃኒት ማለማመድ ነው። በቆርኪ መለካትንም እቃወማለሁ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይበልጣል።

ከርጭቱ በፊት አሥር በአሥር ሜትር ቦታ ለክቶ በንጹሕ ውኃ መርጨትና የፈጀውን መለካት ያስፈልጋል። ሁለት ሊትር ከፈጀ ለሄክታር ሁለት መቶ ሊትር ይሆናል። መለያው ለሄክታር ግማሽ ሊትር መድኃኒት ቢል፣ በዚህ ስሌት ለአሥራ አምስት ሊትር መርጫ 37.5 ሚሊ ሊትር፣ ለሩብ ሄክታር ደግሞ በጠቅላላው 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የእያንዳንዱ ሰው አረማመድ ስለሚለያይ የጎረቤትን ስሌት መዋስ አይሠራም።

በጣና ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ጠዋት ጤዛው እንደረገፈ መርጨት ይመረጣል። ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እና ቦቲ ጫማ ግዴታ ናቸው። ቀደም ሲል ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ የተረጨበት መርጫ በደንብ ካልታጠበ፣ ወደ ሽምብራ ወይም ወደ ኑግ ሲዞር ቀሪው ኬሚካል ሰብሉን ያቃጥላል። እጥበቱም በሐይቁ፣ በዓባይ ወይም በቦይ ውስጥ መሆን የለበትም፤ እጣቢው እዚያው በታከመው ማሳ ላይ ይረጭ።

ይቋቋማል የተባለ ዝርያ ላይ ዋግ ከታየ ከመርጨት በፊት ናሙና ቢወሰድ መልካም ነው፤ አዲስ የፈንገሱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቁስል ያለበትን አገዳ ወይም ቅጠል በአጭር በአጭሩ ቆርጦ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ናሙናውን ያሻግተዋል። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የዝርያውን ስም ጽፎ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ አድርቆ፣ በቀበሌው ባለሙያ በኩል ወደ ምርምር ማዕከሉ መላክ ነው።