የእሳት ተራራ ያለበት ምናባዊ አገር ስትፈጥሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በአማርኛ ፋንታሲ የሚፅፉ፣ ለጌም ማፕ የሚስሉ ልጆች እየበዙ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። ብዙዎቹ ማፕ ላይ ደሞ እሳተ ገሞራ አይጠፋም። ችግሩ ምንድነው፣ ተራራው ለማስፈራራት ብቻ እዛ ጋ ይቀመጣል፣ ወንዙም ሳሩም አውሬውም ከሱ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። እኛ እኮ የምንኖረው የድሮ ላቫ (ከመሬት ስር ቀልጦ የወጣ ድንጋይ) ላይ ነው፣ ከኛ በላይ ይሄን ማን ሊያውቅ ነው? እስቲ ፍምአምባ የምትባል አገር እየፈጠርን እንሂድ፣ ስህተቶቹን እዛው ላይ እናያቸዋለን። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው።)

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ተራራው ምን አይነት እንደሆነ ሳይወስኑ መሳል መጀመር ነው። ሁሉም ሰው የሚስለው አንድ ነው፣ ሹል ተራራ፣ ጫፉ ላይ እሳት፣ ጎኑ ላይ ቀይ ወንዝ፣ በቃ። ላቫ ግን እንደ አጥሚት የቀጠነም እንደ ገንፎ የወፈረም አለ፣ የሚሰሩት ተራራም ይለያያል። ባዛልት የሚባለው ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሆኖ ሲወጣ ቀጭን ነው፣ ሩቅ ይፈሳል፣ ጋዙም ቶሎ ያመልጣል፣ ስለዚህ ባብዛኛው ሰፊና ዝርግ ተራራ ይሰራል። ኤርታሌን እዩት፣ ከባህር ወለል 613 ሜትር ብቻ ነው ግን ጎኑ በየአቅጣጫው ብዙ ኪሎሜትር ተንጣሏል። ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) የበዛበት ላቫ ደሞ አልፈስም ይላል፣ ጋዙን አፍኖ አፍኖ ይይዝና አንድ ቀን ይፈነዳል። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ መጀመሪያ ምረጡ፣ የተራራው ቅርፅና የሚያመጣው አደጋ ከዛ ነው የሚመጣው።

ከዚሁ ጋር እድሜውን መርሳት አለ። የስሜን ተራሮች የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ ላቫ የተሰሩ ናቸው፣ ከዛ ዝናብና ወንዝ ሲቆርጣቸው ነው ያ ገደል የወጣው። ሊማሊሞ ላይ ቆማችሁ ገደሉን ስታዩ ተደርድሮ የሚታየው መስመር አንዱ ፍሰት ባንዱ ላይ ሲተኛ የሰራው ነው። ዛሬ ራስ ደጀን ላይ እሳት የለም፣ አገሩ ግን እሳት የሰራው ነው። ስለዚህ ፍምአምባ ላይ በሰሜን ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው፣ በገደል የተቆራረጠ ትልቅ ተራራ እናስቀምጥ፣ በደቡብ ደሞ ገና የሚያጨስ። ሁለት ዘመን በአንድ ማፕ ላይ ሲገናኝ አገሩ ወዲያው ታሪክ ይኖረዋል።

ሁለተኛው ስህተት ገዳዩ ላቫ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ። ገፀ ባህሪው ከቀይ ወንዝ ፊት ሲሮጥ አንድ ምዕራፍ ያልቃል። ላቫ ንብረት ያጠፋል፣ ቤት ይውጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ቀድሞት መሄድ ይችላል። በብዛት ሰው የሚገድለው ሌላ ነው፣ ከተራራው ቁልቁል ከመኪና በላይ የሚፈጥን የጋለ አመድና ጋዝ፣ ጭቃ፣ መርዛማ አየር። ኮሎምቢያ ውስጥ በ1985 ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ ሲፈነዳ ፍንዳታው ራሱ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፣ ጫፉ ላይ ያለውን በረዶ ግን አቀለጠው፣ ጭቃው በሸለቆው ወርዶ በአስር ኪሎሜትሮች የምትርቀውን አርሜሮ የምትባል ከተማ በሌሊት ዋጣት፣ ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ። ተራራው ከዛ ከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት። ካሜሩን ውስጥ ደሞ በ1986 እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ከተኛው ከኒዮስ ሀይቅ ስር ተጠራቅሞ የነበረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌሊት ወጣ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ወደ ሸለቆው ወረደ፣ 1,700 የሚጠጋ ሰው ከነከብቱ ሞተ። እሳት የለ ጭስ የለ። ይሄ ለፀሀፊ ትልቅ ሀብት ነው እኮ፣ ለምንድነው የማንጠቀምበት?

አመዱንም የምድጃ አመድ አታድርጉት። የእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይከብድና ጣራ ያፈርሳል፣ ሳር ላይ ሲያርፍ ከብት ይጎዳል። አይስላንድ ውስጥ በ1783 ላኪ የሚባለው ሲፈነዳ አብሮ የወጣው ፍሎራይን የሚባል መርዝ ሳሩን መርዞት የአገሩ ከብት አብዛኛው አለቀ፣ ከዛ ሰው በረሀብ ረገፈ። ርቀቱም ቀላል አይደለም፣ አፋር ውስጥ በህዳር 2025 ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ የመንና ኦማንን አልፎ ህንድ ሰማይ ደርሷል። ስለዚህ ፍምአምባ ውስጥ ተራራው ሲያጉረመርም መጀመሪያ የሚጨነቀው እረኛው ቢሆን እመርጣለሁ፣ ንጉሱ ኋላ ይደርሳል።

አፈር ላይ ሁለት አይነት ስህተት አያለሁ፣ ግማሹ አገሩን ለዘላለም ጥቁርና ደረቅ ያደርገዋል፣ ግማሹ ደሞ ላቫው በቀዘቀዘ በዓመቱ ጤፍ ያበቅልበታል። አዲስ ላቫ ድንጋይ ነው፣ አፈር እስኪሆን እንደ ዝናቡ መጠን ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ድንጋዩ በስብሶ አፈር ሲሆን ግን ምን እንደሚመስል ለማየት ደምቢያ ወርዶ ዋልካውን መርገጥ ነው።

ውሃ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ማፕ ሲስል ሀይቁን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው የሚያስቀምጠው፣ እኔ ደሞ ከዚህ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም። ጣናን ያቆመው በደቡብ በኩል መውጫውን የዘጋው ላቫ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ብቻ የሆነ ሀይቅ። ውሃው ሲወጣ ደሞ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ከላቫ ድንጋይ ይወረወራል፣ ከታች ያለ አሳ በዛ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ሀይቁ ውስጥ የቀሩት ላቤዮባርበስ የሚባሉት አሶች ለብቻቸው ሆነው ከደርዘን በላይ ዝርያ ሆኑ፣ ግማሽ ያህሎቹ ሌላ አሳ አዳኝ ናቸው፣ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው። አያችሁ፣ አንድ የላቫ ፍሰት ሀይቅ ሰጠ፣ በፏፏቴ የተከለለው ሀይቅ ደሞ ሌላ ቦታ የሌለ አሳ ሰጠ። ፍምአምባ ላይም ሀይቅ ካስቀመጣችሁ ማን እንደገደበው፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ፣ ውስጡ ማን ተነጥሎ እንደቀረ መልሱ። ደሞ ስንጥቅጥቅ ያለ አዲስ ላቫ ዝናብ ይውጣል፣ ላዩ ላይ ወንዝ ላይኖር ይችላል፣ ምንጩ እግሩ ስር ይፈልቃል። መንደሩም እዛው ነው የሚሆነው።

ከፍታውን መርሳት ቀላል ስህተት ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ትልቅ ተራራ ላይ ቆላውም ደጋውም ውርጩም አንድ ላይ አለ፣ ከታች ግራር፣ ከፍ ሲል ወይራና ፅድ፣ ከዛ አስታ፣ ከዛ ጓሳና ጅብራ። ሁሉንም አንድ ጫካ አታድርጉት።

አውሬው ላይ የሚሰራው ስህተት ግን ልቤን ያቃጥለዋል። ሁሉም አውሬ እሳት ይተፋል፣ ሁሉም ስጋ በል ነው፣ የሚበላው ግን የለም! ስሜን ላይ ጭላዳ ሳር ይግጣል፣ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወጥቶ ሜዳው ላይ ይሰማራል። ዋልያ የገደሉ ጌታ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ነው የሚያድነው፣ መንዝ ጓሳ ላይ እንደታየው ደሞ ጭላዳ መሀል ገብቶ ሲያድን ይበልጥ ይሳካለታል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላ ጥንብ አንሳም አለን። እሳት የሚተፋ አንድም የለም፣ ሆኖም ከዚህ በላይ የሚደንቅ ምን አለ? እሳት የሚተፋ ፍጡር ከፈለጋችሁ አድርጉት፣ ምናባችሁ ነው፣ ግን ቁጥሩ ጥቂት ይሁን፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚወልድ፣ ማን እንደሚበላው ይታወቅ። ቢያንስ ሳሩንና አይጡን ቀድማችሁ ፍጠሩ።

ሰዎቹን ደሞ ከድንጋዩ አትነጥሏቸው። የፋሲል ግቢ ግንብ ያው የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ነው፣ በርና መስኮቱ ዙሪያ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ፍምአምባዎች ቤታቸውን በምን ይሰራሉ፣ ቢላቸው ባልጩት ነው ወይ፣ ጨው ከየት ይጭናሉ? አመዱን የሚያውቅ ህዝብ ጣራውን ሹል ያደርጋል፣ ጭቃውን የሚያውቅ ቤቱን ከሸለቆው ሳይሆን ከጉብታው ላይ ይሰራል፣ ጋዙን የሚያውቅ ከብቱን ጎድጓዳ ቦታ አያሳድርም፣ አዲስ ሙሽራ ከሌላ አገር ስትመጣ አማቷ መጀመሪያ የምታስተምራት ይሄንን ነው። እንዲህ አይነት ሁለት ሶስት ልማድ ብትፅፉ ተራራው አንዴም ሳይፈነዳ አንባቢው ይፈራዋል።