ስለ ቁርኝት ዓይነት ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

«አታችመንት ስታይል» ወይም የቁርኝት ዓይነት፣ ማለትም ሰው ከሚቀርበው ሰው ጋር የሚቆራኝበት መንገድ፣ ጎንደር ፒያሳ ካፌዎችም ገብቷል። «እሱኮ አቮይዳንት (ሸሺ) ነው» ሲባል መስማት አዲስ አይደለም። ሐሳቡ የመጣው ከእንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከጆን ቦልቢ ነው፤ ስለ ሕፃንና ስለሚያሳድገው ሰው ነበር የጻፈው። በ1987 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። በአጭሩ፦ የተረጋጋው ሰው መቅረብም ብቻውን መሆንም አይከብደውም። ጭንቀተኛው «ሊተወኝ ነው» እያለ ይሰጋል። ሸሺው ሰው በጣም ሲቀርበው ይጠበዋል። መቅረብ እየፈለገ መቅረብ የሚያስፈራውም አለ።

ሐሳቡ ይጠቅማል፣ አጠቃቀማችን ላይ ግን ችግር አለ።

ዝምታን ሁሉ ሽሽት ማለት

እኛ ዘንድ «እወድሻለሁ» ማለት የሚያሳፍረው ሰው ሞልቷል። ጨዋነት ነው ተብሎ አድጎበታል። ስለዚህ አፉን ሳይሆን ሥራውን እዩ። ፍቅረኛው ስትታመም ሐኪም ቤት ወረፋ ይይዝላታል? ወይስ «ሲሻልሽ ደውዪልኝ» ብሎ ይጠፋል?

ኩርፊያንም ከሽሽት ጋር አናምታታው። አኩራፊው ፊቱን አዙሮ የተቀመጠው «ምን ሆንክ?» እንዲባል ነው። ሸሺው ግን ባይጠየቅ ይመርጣል፤ ስትጠይቁት ይብስበታል። ኩርፊያ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የጭንቀተኛው ሰው ጠባይ ነው።

ሁሉን ነገር እናት ላይ መጫን

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን እየተከታተለች አጥንታለች። እዚያ ሕፃናቱ ከእናታቸው ሌላም የሚጠጉት ሰው ነበራቸው። ጎንደር ውስጥ በአያት፣ በአክስት፣ በጎረቤት እጅ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። ደግሞም የልጅነት ቁርኝት ከአዋቂነቱ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙዎች እንደሚያስቡት የጠበቀ አይደለም። በየመሃሉ ጓደኛ አለ፣ ሐዘን አለ፣ የመጀመሪያ ፍቅር አለ።

ጭንቀትን ፍቅር ብሎ መውሰድ

እሷ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ትኖራለች እንበል፣ እሱ አዘዞ። ማታ በቴሌግራም «ደረስክ?» አለችው። ሁለቱ ምልክት መጣ፣ መልስ የለም። «አየኸው አይደል?» አለች። ከዚያ «እሺ፣ ገባኝ»። ከዚያ ደወለች። እሱ መልእክቱ ሲደራረብበት መተንፈሻ አጣና ስልኩን አጠፋ። ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት «ደክሞኝ ነበር» ሲላት እፎይ አለች። እፎይታው ደስ ስለሚል «እንዲህ የምሆነው ብወደው ነው» ትላለች። ግን የተፈራው ስላልደረሰ ነው ቀለል ያላት። እሷ በተከተለች ቁጥር እሱ ይሸሻል፣ እሱ በሸሸ ቁጥር እሷ ትከተላለች።

ይሄን ሌሊት ላይ ማስተካከል አይቻልም። ሁለቱም በተረጋጉበት ቀን ቡና ላይ ይነጋገሩት። እሱ ቢያንስ «ደክሞኛል፣ ነገ እደውላለሁ» ብሎ ይተኛ፤ እሷም ከዚያ በኋላ አትጻፍ። (ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ የቁርኝት ዓይነት አይመረመርም። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የኖረ ከተማ ይሄን ያውቃል።)

በጠብ መሃል ስም ማውጣት

«አንተ ሸሺ ስለሆንክ ነው!» ስድብ ነው፣ ሳይንስ የለበሰ ስድብ። «ስትጠፋብኝ እፈራለሁ» የሚለው ይሰማል።

የአምስት ደቂቃ ፈተና ወስዶ መደምደም

የቁርኝት ዓይነቶች እንደ ደም ዓይነት አይደሉም፣ የመጠን ጉዳይ ናቸው። ከጓደኞቹ ጋር የተረጋጋ ሰው ከፍቅረኛው ጋር ሊጨነቅ ይችላል። ቃሉን ከሚጠብቅ ሰው ጋር ቆይቶ፣ ወይም በምክር አገልግሎት እየታገዘ የተረጋጋም አለ።

ዱላን በቁርኝት ማስተባበል

ስልክ መቀማት፣ ከቤተሰብ ማራቅና መምታት በየትኛውም የቁርኝት ዓይነት አይመካኙም። «ልጅነቱ ከባድ ነበር» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ቢገባ እንኳ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዱላው ቆሟል ወይ ብሎ ነው።