ሲዬናን ደጅ ላይ ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ሐበሻ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ደጃፍ ላይ ከቆሙት መኪኖች መካከል ቶዮታ ሲዬና አይጠፋም። ቅዳሜ ልጆችን ኳስ ሜዳ፣ እሑድ ቤተሰቡን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን አያት ከነሻንጣቸው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመጣው እርሱ ነው። የጋራዥ የእጅ ዋጋ ስለከበዳቸው ብዙ አባወራዎችና እማወራዎች መፍቻ ገዝተው ራሳቸው መጠገን ጀምረዋል፤ መልካም አድርገዋል። ነገር ግን ሰው የሚፈራውን ሥራ ጠይቆና አንብቦ ይሠራዋል። መኪናው የሚጎዳው በሚናቀው ሥራ ነው፤ ዘይት ሲቀየር፣ ፊውዝ ሲተካ፣ ምንጣፍ ሲነጠፍ። ከዚህ በታች የሰበሰብኳቸው አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ስህተቶች ናቸው። የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

“ሲዬና ሁሉ አንድ ነው” ብሎ መነሳት

ጎረቤት “የእኔ ሲዬና የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያናብበው ቺንጋ) የለውም፣ አትልፉ” ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ስለ እርስዎ መኪና ግን እየተናገረ አይደለም። ከ2004 እስከ 2006 የተሠሩት ባለ 3.3 ሊትር ሞተር ናቸው፤ ታይሚንጉ በጎማ ቺንጋ ስለሚዞር በ90,000 ማይል መቀየር አለበት። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስቶንና ቫልቭ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ጥገና ከመኪናው ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል። ከ2007 ጀምሮ የመጣው ባለ 3.5 ሊትር ሞተር በሰንሰለት ስለሚዞር ይህ ጣጣ የለበትም። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት የራሳቸው ጉድ አላቸው፦ ወደ ቫልቭ ማስተካከያው ዘይት የሚወስደው ቱቦ መካከሉ ላይ የጎማ ክፍል ነበረው፤ ጎማው ሲፈነዳ የሞተሩ ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ቶዮታ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከብረት በተሠራ ቱቦ ተክቶታል። ኮፈኑን ከፍተው የእርስዎ መኪና ቱቦ መቀየር አለመቀየሩን ማየት የአንድ ሻይ ጊዜ አይወስድም።

ከ2021 ወዲህ ያሉት ደግሞ ሁሉም ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው። ሃይብሪዱ ሞተሩ ጸጥ ስላለ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ በራሱ ሊነሳ ይችላል። እጅዎን ከኮፈኑ ስር ከማስገባትዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ቁልፉንም ቤት ያስቀምጡት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች አይንኩ።

በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከስር መግባት

ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ከስሩ እንዲተኛ አልተሠራም። ደልዳላ ቦታ ይምረጡ፤ ከሌላው ጫፍ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይም ሆነ እንጨት ያስደግፉ፤ የብረት ድጋፎቹን አምራቹ በወሰናቸው ቦታዎች ላይ ያቁሙ፤ ከዚያ መኪናውን ገፋ ገፋ አድርገው ይፈትኑት። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የዘይት ፊልትሮውን ክዳን በጉልበት ማሰር

ዘይት መቀየር ቀላል ሥራ ነው ይባላል፤ ነውም። ግን ባለ 3.5 ሊትሩን ሲዬና ያበላሹ ሰዎች ቢሰበሰቡ ብዙዎቹ የሚገኙት እዚህ ወረፋ ላይ ነው።

የዚህ ሞተር ፊልትሮ እንደ ድሮው ቆርቆሮ ሙሉውን ተፈትቶ የሚጣል አይደለም። የሚጣለው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ይቀራል፤ በብዙዎቹም ላይ ፕላስቲክ ነው። ክዳኑን የሚፈታ 14 ጎን ያለው ልዩ መያዣ በየመለዋወጫ መደብሩ ይሸጣል። ያለ እርሱ በፒንሳ ወይም በሰንሰለት የሚታገሉ ሰዎች ክዳኑን ይሰነጥቃሉ። ስንጥቁ በዓይን አይታይ ይሆናል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ግፊቱ ሲጨምር ግን ይታያል።

ክዳኑ ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት አለ። አሮጌው ቀለበት ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቀር በጥንቃቄ ያውጡት፤ በስለት ሲጫሩት ፕላስቲኩ ይጎዳል። አዲሱን ጣትዎን ዘይት ነክረው ይቀቡትና በዚያው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ሳይጠመዘዝ ያስቀምጡት። ከበላዩ ያለው የክዳኑ ጥርስ ላይ የሚያሳርፉት አሉ፤ ክዳኑ የታሰረ ይመስላል፤ ዘይቱ ግን ይወጣል። ከዚያም ክዳኑን በእጅ እስኪቆም ያዙሩት፤ መጨረሻውን የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው በቶርክ መፍቻ ወደ 18 ፉት ፓውንድ ያድርሱት። ጉልበታም ሰው ይህን ሥራ ለልጁ ቢያስተላልፍ ይሻላል። ከስር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎንም እስከ 30 ፉት ፓውንድ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ማሸጊያ ቀለበቱንም በየጊዜው ይቀይሩ። ቡሎኑ የሚገባበት የዘይት ድስት አሉሚኒየም በሆነበት ሞተር ላይ ጥርሱ አንዴ ከተላጠ ሥራው ዘይት መቀየር መሆኑ ይቀራል።

ከ2011 እስከ 2016 ለተሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከፊልትሮው ጋር 6.4 ኳርት ዘይት ይበቃል። ነገር ግን ስድስቱን እንደጨመሩ ሞተሩን አስነስተው ስር ያለውን ወለል ይመልከቱ፤ ካጠፉት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው በመለኪያው ብረት ያረጋግጡና የቀረውን ይሙሉ። ያወጡትን አሮጌ ዘይት አብዛኞቹ የመለዋወጫ መደብሮች ያለ ክፍያ ይቀበሉዎታል፤ ወደ መንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃ ማፍሰስ ያስቀጣል።

የካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው ብሎ መተው፤ ወይም ማንኛውንም ቀይ ዘይት መጨመር

ሁለቱም ጽንፎች ካምቢዮ ይገድላሉ። አምራቹ የዕድሜ ልክ ሲል የማንን ዕድሜ ማለቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለት መቶ ሺህ ማይል ሊነዱት ካሰቡ ይቀይሩት። ግን ከ2011 በኋላ ያለው ካምቢዮ በኮፈን ስር ተስቦ የሚታይ መለኪያ የለውም። ልኩ የሚታወቀው መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከስር ያለውን የመለኪያ ቡሎን በመክፈት ነው። ትርፉ ይወርዳል፤ መንጠባጠብ ሲጀምር ልኩ ነው። ከመጠን በላይ ሞቆ ሳለ ከተከፈተ በሙቀት ያበጠው ዘይት ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ካምቢዮው ጎድሎበት ይገኛል። ሙቀቱን የሚያነብ መሣሪያና አራቱን ጎማ እኩል የሚያነሱበት ድጋፍ ከሌለዎት ይህን አንድ ሥራ ለመካኒክ ይስጡ። የሚገባው ቶዮታ ደብልዩ ኤስ የሚባለው ነው፤ የቀድሞዎቹ ሲዬናዎች የሚጠቀሙበት ቲ ፎር ከእርሱ ጋር አይቀያየርም።

ሦስት ካንዴላ ቀይሮ ሦስቱን መተው

ባለ 3.5 ሊትሩ ሞተር ስድስት ካንዴላ አለው። ሦስቱ ከፊት በኩል ቁጭ ብለዋል፤ በግማሽ ሰዓት ይቀየራሉ። ሦስቱ ደግሞ ከኋላ፣ ከአየር ማስገቢያው ስር ናቸው፤ እነርሱ ጋር ለመድረስ የመጥረጊያውን መሸፈኛና የማስገቢያውን የላይኛ ክፍል ማንሳት ያስፈልጋል። የፊተኞቹን ቀይረው “ኋላ ያሉት ደህና ናቸው” የሚሉ ሰዎች ኋላ ያሉትን አላዩዋቸውም። ሥራው በ120,000 ማይል የሚመጣ ነውና አንድ ቅዳሜ ይስጡት። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ተገዝቶ፣ የተከፈተው የአየር ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይሁን። ወደዚያ ቀዳዳ የገባች አንዲት ዳዶ ብዙ ታስከፍላለች።

ፍሬን

ሸራ ሲቀይሩ ካሊፐሩን በጎማ ቱቦው አያንጠልጥሉት፤ በሽቦ ይሰሩት። ጨርሰው መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ያለዚያ የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ይወርዳል፤ መኪናው የጋራዡ በር ላይ ይቆማል። የጎማ ዳዶዎቹን በዙር ሳይሆን ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ ወደ 76 ፉት ፓውንድ ይሰሩ፤ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ደግመው ይፈትሹ።

ለጎደለ የራዲያተር ውሃ ከቧንቧ መሙላት

የቶዮታ ሮዝ ፈሳሽ ከነውሃው ተቀላቅሎ የሚሸጥ ስለሆነ ተጨማሪ ውሃ ያቀጥነዋል፤ ከአረንጓዴው ጋር ማደባለቅም ጥሩ አይደለም። ይልቅ ለምን ጎደለ ብለው ይጠይቁ። ከኋላ ላሉ ተሳፋሪዎች ሙቀት የሚያደርሱት የብረት ቱቦዎች ከመኪናው ስር ነው የሚያልፉት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። ከኋላ ጎማዎቹ አካባቢ ርጥበት ካዩ ፊት ለፊት ራዲያተር አይፈልጉ።

የተቃጠለን ፊውዝ በትልቅ መተካት

ተንሸራታቹ በር አልከፈት ሲል ፊውዙ ተቃጥሎ ይገኛል፤ ሰውም ባለ 20ውን አውጥቶ ባለ 30 ይሰካል። እንዲህ ያለ ፊውዝ ሽቦውን የሚጠብቅ ሳይሆን ሽቦው እስኪቀልጥ የሚጠብቅ ነው። በሲዬና ደግሞ ታሪክ አለው። በ2016 ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩ 744,000 ገደማ ሲዬናዎችን በአሜሪካ ለጥገና ጠርቷል፤ በሩ በበረዶ ወይም በሌላ ነገር ተይዞ ሞተሩ ሲታገል ፊውዙ ይቃጠላል፤ መቆለፊያው ባልያዘበት ቅጽበት ከሆነ በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት ይችላል ተብሎ ነው። ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚታየው የተያዘው በር ነው፤ የሐዲዱ ቆሻሻ፣ የተላላጠው የመሳቢያ ገመድ። ጠዋት በበረዶ የተጣበቀ በር በማብሪያው ከመታገል በፊት ይጥረጉት።

ሳያስቡት የመኪናውን ደኅንነት የሚነኩ ማሻሻያዎች

የእኛ ሰው ምንጣፍ ይወዳል፤ ከፋብሪካው ምንጣፍ በላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ ደግሞ ሌላ ያነጥፋል። በ2009 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አካባቢ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ምንጣፍ በተነጠፈበት ሌክሰስ ውስጥ የነዳጅ መስጫው ተይዞ አራት ሰዎች ሞተዋል። በሾፌሩ እግር ስር አንድ ምንጣፍ፣ በመንጠቆው የተያዘ፣ ለዚያው መኪና የተሠራ ይሁን። ጎኑ ድፍን የሆነ የመቀመጫ ልብስም የጎን ኤርባግ ይከለክላል።

ለካምፕ ወይም ዕቃ ለማጓጓዝ የመካከለኛ መቀመጫዎችን ማንሳት ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ሲዬናዎች ቀላል ነው፤ ከ2021 ወዲህ ግን መቀመጫዎቹ ኤርባግ ስላለባቸው ተሰክተው እንዲቀሩ ተደርገዋል። በቡሎን ፈትተው የሚያወጧቸው ሰዎች ቢጫ ሶኬት ይነቅላሉ፤ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ ከዚያ በኋላ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚሆን ማንም ማረጋገጫ አይሰጥዎትም። ቢጫ ሶኬት ያለበት ቦታ ላይ መሥራት ግድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ አውጥተው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ።

ተጎታች ለመጎተት የሚፈልግ ሰውም ልዩነቱን ይወቅ፦ የቤንዚኑ ባለ 3.5 ሊትር 3,500 ፓውንድ ይጎትታል፤ ሃይብሪዱ 1,500 ብቻ። የመብራት ሽቦውንም ከኋላ መብራት ሽቦ ላይ በመቁረጥና በመጠምዘዝ ሳይሆን ለሞዴሉ በሚሸጠው ሶኬት ያገናኙ።

ባለ አራት ጎማ ጉልበት የሆኑት የቤንዚን ሲዬናዎች ያለ ትርፍ ጎማ፣ ቢተነፍስም ለጥቂት መንገድ በሚያስኬድ ልዩ ጎማ የሚሄዱ ናቸው። ጎማው ውድ ነው ብለው ተራውን ካስገቡ ትርፍ ጎማ ወይም ቢያንስ የቀዳዳ ማሸጊያና የጎማ መንፊያ ይዘው ይሂዱ፤ አለበለዚያ ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ የሚጠብቁት ጎታች መኪና ብቻ ነው።

መለዋወጫ ከመግዛት በፊት የመኪናውን ቁጥር አለመፈተሽ

በሾፌሩ በኩል ከመስታወቱ ግርጌ የሚነበቡትን 17 ፊደላትና አኃዞች በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ያልተፈጸመ ጥሪ ካለ ይነግርዎታል፤ እንዲህ ያለው ጥገና አብዛኛውን ጊዜ በቶዮታ ወኪል ያለ ክፍያ ይሠራል። ለምሳሌ በ2010 የተደረገው ጥሪ ከ1998 እስከ 2010 የተሠሩ ሲዬናዎችን ይመለከት ነበር፤ ከመኪናው ስር ትርፍ ጎማውን የሚይዘው ገመድ በጨው ዝጎ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ነው። ጥሪው የተወሰነው በብርድ አካባቢ ባሉ 20 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኙት ነበር። መኪናዎ ከሌላ ግዛት ተገዝቶ የመጣ ከሆነ ማንም አላየው ይሆናል። ከኋላ ጎንበስ ብለው ገመዱን በባትሪ መብራት ይመልከቱት፤ ከዛገ ገመዱ እስኪቀየር ድረስ ትርፍ ጎማውን አውርደው ሻንጣ ቦታ ላይ አጥብቀው ይሰሩት።