የመስመር ጀርባ ቀለም ስትቀቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንበል፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ላለ ዓሣ ተረካቢ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ መዝገብ እየጻፋችሁ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ርክክብ ነው፦ «ቀረሶ፣ 12 ኪሎ፣ ያልተከፈለ»። ከሥሩ «አምባዛ፣ 8 ኪሎ፣ ተከፍሏል»። ያልተከፈለው መስመር ጀርባው ቢጫ ይሁን ትላላችሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን ያ ቢጫ የሰው ገንዘብ ነው። የተሳሳተ መስመር ላይ ካረፈ ዓሣ አጥማጁ ሒሳቡን ያጣል፤ አለዚያ ተረካቢው ሁለቴ ይከፍላል። ምሳሌዬ ከፓይተን ጋር የሚመጣው፣ መስኮትና የጽሑፍ ሳጥን የሚሠራበት ቲኪንተር ነው።

ቀለሙን ፊደሉ ጫፍ ላይ ማቆም

በቲኪንተር የሚቀባው ታግ የሚባለው፣ በጽሑፉ ቁራጭ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ታጉን ከ3.0 (ከ3ኛው መስመር መጀመሪያ) አስነስታችሁ የመጨረሻው ፊደል ላይ ካቆማችሁት ቢጫውም እዚያው ይቆረጣል። መዝገቡ ረጅምና አጭር ቁርጥራጭ ይሆናል፣ ለዓይንም አይመችም። ከ3.0 እስከ 4.0 (እስከ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ) በሉት። ያኔ በመስመሩ ጫፍ ያለችው የማትታይ የአዲስ መስመር ምልክት አብራ ትያዛለች፤ ቀለሙም እስከ ሳጥኑ ቀኝ ጠርዝ ይዘልቃል። ኪዩት በተባለው ሌላ የመስኮት መሥሪያ ለምትሠሩ ይህንን የሚያደርገው «ፉል ዊድዝ ሴሌክሽን» ነው።

የመስመር ቁጥርን ማመን

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ምንም ስህተት አያሳይም። ቲኪንተር መስመር የሚቆጥረው ከ1 ነው፣ ርክክቦቹ የሚቀመጡበት የፓይተን ዝርዝር (ሊስት) ደግሞ ከ0። 1 መደመር ከረሳችሁ ባለዕዳው ነጭ ሆኖ ይቀርና ከላዩ ያለው ሰው ይቀባል።

ይህን ብታስተካክሉ እንኳ ሌላ አለ። ጠዋት «መስመር 3 ያልተከፈለ» ብላችሁ ቁጥሩን ያዛችሁ። ከሰዓት አንድ ርክክብ ከላይ ገባ። ታጉ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ወደ 4 ወርዷል፤ እናንተ የያዛችሁት ቁጥር ግን ያው 3 ነው። ሲከፈል ቀለሙን ላንሳ ስትሉ የሌላ ሰው ዕዳ ታጠፋላችሁ። ለእያንዳንዱ ርክክብ በደረሰኝ ቁጥሩ የተሰየመ የራሱ ታግ ስጡት። ሲከፈል ቁጥር አትገምቱ፤ ታጉ አሁን የት እንዳለ ራሱን ፕሮግራሙን ጠይቁት።

ኢንተር ሲነካ የሚሆነውን አለማየት

አሁኑኑ ሞክሩት። የተቀባው መስመር መጨረሻ ላይ ቆማችሁ ኢንተር ተጫኑ። አዲሱም መስመር ቢጫ ይሆናል! ቲኪንተር በሁለት ባለታግ ፊደላት መካከል ለገባ ጽሑፍ ያንኑ ታግ ይሰጠዋል፤ የአዲስ መስመር ምልክቷም እንደ ፊደል ትቆጠራለች። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ከጻፋችሁ ደግሞ የተጨመረው ሳይቀባ ይቀራል። መፍትሔው ከእርማት በኋላ የታረመውን መስመር ታግ አንስቶ፣ ይዘቱን አይቶ እንደገና መቀባት ነው። የታረመውን ብቻ ግን። በእያንዳንዱ ፊደል ሙሉውን መዝገብ የሚቀባ ፕሮግራም፣ መዝገቡ ሲረዝም መጎተቱ አይቀርም።

ምርጫውን መሸፈን

ተጠቃሚው በማውስ ጽሑፍ ሲመርጥ ምርጫው ካልታየው ቢጫው ከላይ ተኝቶበታል ማለት ነው። በኋላ የተፈጠረ ታግ ከላይ ይሆናል። «ሴል» የተባለውን የምርጫ ታግ በ«ታግ ሬይዝ» ከፍ አድርጉት፣ አለቀ።

ቀለሙን በራስ ስክሪን ብቻ መመዘን

ሐይቁ ዳር በር ከፍቶ የሚሠራ ሰው የቀን ብርሃን ስክሪኑ ላይ ያርፍበታል። ቤታችሁ ማታ ያማረው ፈዛዛ ቢጫ እዚያ ከነጭ አይለይም። ቦታው ድረስ ሄዳችሁ በቀትር እዩት። የጀርባውን ቀለም ስትወስኑ የፊደሉንም አብራችሁ ወስኑ፤ አለዚያ ጥቁር ገጽታ በመረጠ ሰው ዘንድ ነጭ ፊደል ቢጫ ላይ ይወጣል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ስላሉ ዕዳን በቀይ፣ ክፍያን በአረንጓዴ ብቻ አትለዩ። «ያልተከፈለ» የሚለው ቃልም ከመስመሩ አይውጣ። ተረካቢው መዝገቡን በጥቁርና ነጭ አትሞ ለዓሣ አጥማጁ ሲሰጠው ቢጫው አብሮት አይሄድም።