የወላጅ ቤት ስትወርሱ፦ ስም ለማዛወር አትቸኩሉ

በቤተሰብ ፔቲሽን አሜሪካ መጥታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) እናታችሁ ቤት ያረፋችሁ ብዙ ናችሁ። ሶሻል ሴኩሪቲውና መንጃ ፈቃዱ ካለቀ በኋላ አንድ ጨዋታ መነሳቱ አይቀርም። እናት «እኔ እንግዲህ እያረጀሁ ነው፣ ቤቱን በስምህ ላዙርልህ» ይላሉ። አገር ቤት የተለመደ ነው፤ በቁም እያሉ መጨረስ ከወንድምና እህት ጭቅጭቅ ያድናል ተብሎ። እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው።

ቤት ሲሸጥ ግብር የሚከፈለው በትርፉ ላይ ነው። ትርፉ ደግሞ ከመነሻ ዋጋው ይቆጠራል። ቤቱን በስጦታ ከወሰዳችሁ፣ እናታችሁ የገዙበት ዋጋ የእናንተ መነሻ ሆኖ ይቀጥላል። ከወረሳችሁት ግን መነሻው እሳቸው ባረፉበት ቀን ቤቱ የሚያወጣው ዋጋ ነው። የታክስ ሰዎች «ስቴፕ አፕ» የሚሉት ይህንን ነው።

በ1994 በ150,000 ዶላር የተገዛ ቤት ዛሬ 600,000 ያወጣል እንበል። በስጦታ ተቀብላችሁ ሳትኖሩበት ብትሸጡት ትርፉ 450,000 ነው። በ15 በመቶ ብቻ ብናሰላው እንኳ ለፌደራል 67,500 ዶላር ይሄዳል፤ የስቴቱ ለብቻ ነው። ያንኑ ቤት ወርሳችሁ በ600,000 ብትሸጡት ትርፍ የለም፣ የትርፍ ግብርም የለም። በስጦታ ያገኛችሁትን ቢያንስ ሁለት ዓመት ኖራችሁበት ከሸጣችሁ፣ ላላገባ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ትርፍ ነፃ ይሆናል። ያም ቢሆን በዚህ ምሳሌ 200,000 ግብር ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ጣጣ አለው። ስማችሁ ዲዱ (የቤቱ ባለቤትነት ሰነድ) ላይ ከገባ የእናንተ ዕዳ፣ ክስና ፍቺ ሁሉ የእናታችሁን ቤት ይነካል። «ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው የመንግሥት ፕሮግራም) ላወጣው ወጪ ቤቱን እንዳይወስደው» ብለው የሚያዛውሩም አሉ። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሲመጣ ግን ባለፉት አምስት ዓመታት በስጦታ የተላለፈ ንብረት ይመረመራል። ለዚህ ለዚህ የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ቸርች የተገናኘ ሰው ምክር አይበቃም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቢያንስ ኑዛዜ። ቨርጂኒያና ዲሲ ደግሞ ቤቱ ሲሞቱ በቀጥታ ለወራሽ እንዲተላለፍ የሚያደርግ ዲድ ይፈቅዳሉ። እናታችሁ በሕይወት እያሉ መመዝገብ አለበት። ቤቱ ግን የእሳቸው እንደሆነ ይቆያል፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ይሰርዙታል፣ ቢፈልጉ ይሸጡታል። ልጆቹ ከአንድ በላይ ከሆናችሁ፣ አዲስ አበባ የቀሩትንም ጨምሮ፣ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ይጻፍ። «እኛ እኮ እንግባባለን» የሚባለው እናት እስካሉ ድረስ ነው።

የውርስ ግብር ራሱ ብዙ አያስፈራም። በ2026 ፌደራል መንግሥት ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ያለ የሟች ሀብት አይነካም። ቨርጂኒያ የውርስ ግብር የላትም። ሜሪላንድ አላት፣ 10 በመቶ፤ ልጆችን ግን አታስከፍልም። እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚነካ ነገር አለ፦ እናታችሁ እንደ ልጅ ያሳደጉት የእህት ልጅ በሕግ ጉዲፈቻ ካልተደረገ ልጅ ተብሎ አይቆጠርም። ይከፍላል።

ትልቁ ወጥመድ ሌላ ቦታ ነው። ወላጃችሁ ዜጋ ካልሆኑና ኑሯቸውን ጠቅልለው አገር ቤት ካደረጉ፣ አሜሪካ ላለው ቤታቸው ከውርስ ግብር ነፃ የሚሆነው 60,000 ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። «ጡረታዬን ቦሌ እበላለሁ» የሚሉ አባት ካሏችሁ ከመሄዳቸው በፊት ተነጋገሩበት።

ሐዘን ላይ እያላችሁ ስለ ቤት ማንም አያወራችሁ፣ ልክ ነው። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ፈቃድ ያለው ገማች ጠርታችሁ በሞቱበት ቀን የነበረውን ዋጋ አስጽፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ስትሸጡ የምታሳዩት ማስረጃ ያ ወረቀት ነው። ሞርጌጁን (የቤቱን ብድር) መክፈል አታቋርጡ። ገብታችሁ የምትኖሩበት ከሆነ፣ ባለቤቱ ስለሞቱ ብቻ ባንኩ «ዕዳውን ባንዴ ክፈሉ» እንዳይል የ1982 ሕግ ይከለክለዋል። ለኢንሹራንሱ ግን ቶሎ ደውሉ፤ ባዶ ቤት ላይ ብዙ ፖሊሲዎች ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ።

የምትወርሱት ቤት አዲስ አበባ ከሆነስ? ግሪን ካርድ ካላችሁና ወላጃችሁ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ካልነበሩ፣ በአንድ ዓመት የወረሳችሁት ከ100,000 ዶላር ካለፈ ለአይ አር ኤስ (ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) በፎርም 3520 ማሳወቅ አለባችሁ። ግብር አያስከፍልም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። ግን ካላሳወቃችሁ ቅጣቱ በየወሩ የንብረቱ 5 በመቶ እየሆነ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። የአዲስ አበባን ዋጋ ለሚያውቅ፣ ድርሻው እዚያ ቁጥር ላይ ለመድረስ ቪላ መሆን አይጠበቅበትም። ፎርሙ ለብቻው ይላካል፤ የሚጠበቀውም በቀጣዩ ዓመት እስከ ኤፕሪል 15 ነው። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት ስታወጡ የቤቱንም ዋጋ ግምት አብራችሁ አስጽፉ፤ በኋላ ስትሸጡት አሜሪካ ለትርፉ የምትጠይቃችሁ ከዚያ ዋጋ ተነስታ ነው።