ቤት ውስጥ ቢራ በማሽን ስትጠምቁ ማሽኑ የማይሰራላችሁ ነገር

አውቶማቲክ የቢራ መጥመቂያ ማሽን ካላችሁ ሙቀቱንና ሰዓቱን እሱ ይጠብቅላችኋል፣ ብቅሉን 66 ዲግሪ አካባቢ ለ60 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል፣ ከዛ የወጣውን ፈሳሽ ያፈላዋል፣ ሆፕስ (ለቢራው ምሬትና ጠረን የሚሰጠው አበባ) መጨመሪያው ሲደርስ ጮሆ ይጠራችኋል። ብቅሉ ግን እንደ ዱቄት እንዳይፈጭ፣ ፓምፑ ይደፈናል፤ ገለባው ሳይደቅ ፍሬው ፍርክስ ካለ በቂ ነው።

ዋናው ስራ ከፈላ በኋላ ነው። ከዛ ወዲህ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ የሚብላላበት በርሜል፣ ቱቦው፣ ክዳኑ፣ በተለይ የበርሜሉ ቧንቧ ውስጥ፣ በሳኒታይዘር (ለቢራ እቃ በሚሆን ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) መፅዳት አለበት፣ እኔ አንዴ ቧንቧዋን ሳልፈታ ቀርቼ ሙሉ በርሜል ኮምጥጦብኝ ደፍቼዋለሁ እስካሁን ይቆጨኛል። እርሾውን ወደ 20 ዲግሪ ሳይወርድ እንዳትጨምሩ፣ ትኩስ ላይ ካረፈ ይሞታል።

አረፋው ጋብ ሲል ደረሰ ብላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አትገልብጡት እባካችሁ። በሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ውስጥ የቀረውን ስኳር በሚያሳይ መለኪያ) ለኩት፣ ቁጥሩ ለ3 ቀን ንቅንቅ ካላለ ብቻ ሙሉ፣ ያለበለዚያ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሰው ይጎዳል። ስትሞሉ ጋዝ እንዲይዝ ለ1 ሊትር 6 ግራም ስኳር ይበቃል፣ ከዛ 2 ሳምንት ቤት ሙቀት ላይ ተዉትና ፍሪጅ አስገቡት።